በአውስትራሊያ አውትባክ በመኪና መጓዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜልበርን ያለ ዘመድ ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው አለ። እዚሁ ለዓመታት ኖሮ ከባሕር ዳርቻው ከተሞች ርቆ የማያውቅም አለ። ሁለቱም ስለ አውትባክ የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው። አብዛኛው ጥያቄ ስለ እባብ ነው። እኔ ግን ሰው ስለ ርቀት፣ ስለ ሙቀትና ስለ እንቅልፍ ቢጠይቀኝ ደስ ይለኛል፤ እዚያ መንገድ ላይ ሰው የሚጎዳው በእነሱ ነውና። ዓመተ ምሕረቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አውትባክ የሚባለው የት ነው? የትኛውን መንገድ ልያዝ?

በካርታ ላይ ተከልሎ የተሰመረ ቦታ አይደለም። ከባሕር ዳርቻው ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ያለውን፣ ሰው የሳሳበትን ሰፊ ደረቅ አገር በሙሉ አውትባክ ይሉታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ግን አንድ መንገድ ቢይዝ ይበቃዋል። እሱም ስቱዋርት ሀይዌይ ነው። በደቡብ ከፖርት ኦገስታ ተነስቶ በሰሜን ዳርዊን ድረስ 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከአደሌድ ከተነሳችሁ ጠቅላላው ወደ 3,000 ይጠጋል።

ስሙን ያገኘው ከአሳሹ ከጆን ማክዱዋል ስቱዋርት ነው። ስቱዋርት በ1862 አህጉሩን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ ባሕር ደርሷል። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1872 የቴሌግራፍ መስመር እሱ ያለፈበትን ተከትሎ ተዘረጋ። አሊስ ስፕሪንግስና ቴናንት ክሪክ የተቆረቆሩት በዚያ መስመር ጣቢያዎች ዙሪያ ነው። አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር የተጠናቀቀው ግን በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። የአገሩ ባለቤቶች፣ የአቦርጂናል ሕዝቦች፣ ከዚህ ሁሉ በፊት በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ኖረውበታል። ይህን ሳያስቡ ማለፍ አገሩን ባዶ አድርጎ ማየት ነው፤ ባዶ ሆኖ ደግሞ አያውቅም።

በተራ የቤት መኪና ይቻላል ወይስ ፎር ዊል ድራይቭ የግድ ነው?

በተራ የቤት መኪና ይቻላል። ስቱዋርት ሀይዌይ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ነው። ወደ ታዋቂው ቀይ አለት ወደ ኡሉሩ የሚገነጠለው ላሴተር ሀይዌይም፣ ኪንግስ ካንየን ወደሚባለው ገደላማ ሸለቆ የሚወስደውም አስፋልት ናቸው።

ፎር ዊል ድራይቭ የሚያስፈልገው ወደ ፒስታው ስትገቡ ነው። ኡድናዳታ ትራክ፣ በርድስቪል ትራክ፣ ከኡሉሩ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ግሬት ሴንትራል ሮድ፣ እነዚህ ሌላ ዓይነት ጉዞ ናቸው። ሞገድ የሠራ ጠጠር አለ፤ ጉድጓዱን ሸፍኖ ደልዳላ መሬት የሚያስመስል ዱቄት አቧራ አለ፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ መንገዱ ለቀናት ይዘጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድን ሰው እዚያ እንዲገባ አልመክረውም። አንዳንዱ የአቦርጂናል መሬት ስለሆነ ቀድሞ ፈቃድ ማውጣትም ያስፈልጋል።

የተከራያችሁት መኪና ከሆነ ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ በተለይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን። ብዙ አከራዮች ፒስታ ላይ መንዳትን ይከለክላሉ። ከከተማ ውጭ ፀሐይ ከገባች በኋላ መንዳትን የሚከለክሉም አሉ። ያንን ጥሳችሁ ከተጋጫችሁ ኢንሹራንሱ አይከፍልም፤ የመኪናው ዋጋ እናንተ ላይ ያርፋል።

ስንት ቀን ይበቃል?

ከአደሌድ ዳርዊን ሁለት ሳምንት ብትይዙለት ጥሩ ነው። በዐሥር ቀንም ይሆናል፣ ግን ትቸኩላላችሁ። ከዚያ በታች ከሆነ አገሩን ከመስኮት ብቻ ነው የምታዩት።

ርቀቱን በደንብ ለማየት፦ ከአደሌድ ፖርት ኦገስታ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ኩበር ፒዲ 540። ከኩበር ፒዲ አሊስ ስፕሪንግስ 690 ገደማ ሲሆን አሊስ ከመድረሳችሁ 200 ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ ኤርልዱንዳ ላይ ወደ ኡሉሩ መገንጠያው አለ። ከመገንጠያው ኡሉሩ አጠገብ ያለችው ዩላራ ሌላ 250 ኪሎ ሜትር ነው፣ መመለሻውም እንዲሁ። ከአሊስ ቴናንት ክሪክ 510፣ ከቴናንት ክሪክ ካትሪን 670፣ ከካትሪን ዳርዊን 320።

ብዙ ሰው ኡሉሩ አሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ዳር ያለ ይመስለዋል። አይደለም፤ በመኪና 450 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ይህንን ሳያውቁ አሊስ ላይ ሆቴል ይዘው ደርሰው መልስ ሊሉ የሚያስቡ ሰዎች አጋጥመውኛል። እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉ፣ ዩላራ እደሩ። ደግሞ በቀን ከ500 እስከ 600 ኪሎ ሜትር በላይ አታቅዱ። ፍጥነት ወሰኑ ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ 110፣ ኖርዘርን ቴሪቶሪ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ በብዙው መንገድ 130 ነው። 130 ተፈቅዷል ማለት ግን 130 ንዱ ማለት አይደለም። ነዳጁም ይጋያል፣ አንድ እንስሳ ዘሎ ቢገባም መኪናው በጊዜ አይቆምም።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከግንቦት እስከ መስከረም። እኛ አገር ክረምት በሚሆንበት ጊዜ እዚያ ቀኑ ፀሐያማና ለስላሳ ነው፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ሌሊቱን ግን አትናቁት። በሰኔና በሐምሌ አሊስ ስፕሪንግስ አካባቢ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በረሃ ነው ብለው በነጠላ ልብስ ድንኳን ውስጥ የሚያድሩ ሰዎች እስኪነጋ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ከኅዳር እስከ የካቲት መሃሉ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ሰሜኑ ደግሞ በዚያው ጊዜ ዝናባማ ነው፣ እስከ ሚያዝያ ይቆያል፣ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ይዘጋል። ሰው በዚያን ጊዜም ይሄዳል፣ ግን የሚመርጠው ካጣ ነው።

ነዳጅ እንዳያልቅብኝ ምን ላድርግ?

ግማሽ ሲደርስ ነዳጁን ሙሉ። ሌላ ዘዴ የለውም። ሮድሃውስ የሚሏቸው ቤቶች አሉ፤ ማደያም፣ ሱቅም፣ ምግብ ቤትም፣ ማደሪያም በአንድ ላይ ናቸው። አንዳንዴ ከተማ ተብሎ ካርታ ላይ ያለው ስም ያ አንድ ቤት ብቻ ነው። በስቱዋርት ሀይዌይ ላይ ረጅሙ ነዳጅ የሌለበት ርቀት ከኩበር ፒዲ በስተደቡብ ያለው ነው፤ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለተራ መኪና ያ ችግር አይደለም፣ ሞልታችሁ ከወጣችሁ። ብዙው ሮድሃውስ ሲመሽ ይዘጋል፣ ስለዚህ ማታ ደርሼ እቀዳለሁ ማለት አይሠራም።

ዋጋው ወደ መሃል በገባችሁ ቁጥር ይጨምራል። በመቶ ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የምትጠጣ መኪና አደሌድ ተነስታ ኡሉሩን ጎብኝታ ዳርዊን እስክትደርስ 350 ሊትር ያህል ትጨርሳለች። ሂሳቡን በከተማ ዋጋ አታስሉት።

ውሃ ምን ያህል ልያዝ? መኪናው ቢበላሽስ?

ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ለመጠጥ ያዙ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ የሁለት ቀን ትርፍ። ሁሉንም በአንድ ጀሪካን አታድርጉት። አንዱ ቢያፈስ ሌላው ይተርፋል።

አሁን የምለውን ግን ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ ያዙልኝ። መኪናው ከቆመ ከመኪናው አትራቁ። በዚህ አገር በረሃ ውስጥ የሞቱ መንገደኞች ታሪክ ተደጋግሞ ይመሳሰላል፤ መኪናው ይበላሻል ወይም አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል፣ ሰውየው እርዳታ ፍለጋ በእግሩ ይወጣል፣ ከዚያ ፈላጊዎች መጀመሪያ መኪናውን ያገኛሉ፣ ሰውየውን በኋላ። መኪና ከአውሮፕላን ይታያል። ጥላ ይሰጣል። ውሃው ያለው እዚያ ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት የሚራመድ ሰው የያዘውን ውሃ በሰዓታት ውስጥ ይጨርሳል። ኮፈኑን ክፈቱ፣ ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ ጣል አድርጉበት፣ ጥላ ውስጥ ተቀመጡና ጠብቁ። ዋናው ሀይዌይ ላይ ከሆናችሁ ብዙ ሳይቆይ ሰው ያልፋል፣ የአገሩ ሰው ደግሞ መኪና ቆሞ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

ስኮርታ ጎማው አየር እንዳለው፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኖራቸውን ከመነሳታችሁ በፊት እዩ። ጎሚስታ በየመንደሩ አይገኝም።

ስልክ ይሠራል?

ከተማና ሮድሃውስ አካባቢ ይሠራል፣ በመሃል ለሰዓታት ኔትወርክ የለም። ከኩባንያዎቹ ውስጥ ገጠሩን በስፋት የሚሸፍነው ቴልስትራ ነው። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ቀድማችሁ አውርዱ። የአደጋ ጊዜ ቁጥር 000 ነው። ፒስታ ላይ የምትወጡ ከሆነ የሳተላይት ስልክ ወይም በሳተላይት የአደጋ ምልክት የምትልክ ትንሽ መሣሪያ ተከራዩ፤ ያለ እሱ አትግቡ። የትም ብትሄዱ ደግሞ በየትኛው መንገድ እንደምትሄዱና መቼ እንደምትደርሱ ለአንድ ሰው ንገሩ።

ማታ መንዳት ለምን ይከለከላል?

በካንጋሩ ምክንያት። ካንጋሩ ቀኑን ጥላ ስር ተኝቶ ይውላል። ሲመሽና ሊነጋ ሲል ለግጦሽ ይወጣል። አስፋልቱ ዳር ሣሩ ስለሚለመልም ወደ መንገዱ ይጠጋል፣ መብራት ሲያይ ደግሞ ወደየት እንደሚዘል አይታወቅም፣ አንዳንዴ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ይገባል። አጥር የሌለው ርሻ ብዙ ስለሆነ ከብትም መንገድ ላይ ይተኛል፤ ጥቁር በሬ በጨለማ አይታይም። ግመልም አለ። ግመሎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአፍጋኒስታንና ከያኔዋ ብሪቲሽ ሕንድ ከነነጂዎቻቸው ጭነት እንዲያመላልሱ የመጡት ዘሮች ናቸው። መኪና ሲመጣ ተለቀቁና ዱር ገቡ። ግመል ረጅም እግር ስላለው ሲገጭ አካሉ የሚያርፈው መስታወቱ ላይ ነው።

ስለዚህ ፀሐይ ወጥታ ትንሽ ከፍ ስትል ተነሱ፣ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊት ቁሙ። ቀንም ቢሆን የሞተ እንስሳ ላይ የሰፈረ ንስር ካያችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ንስሩ ትልቅ ስለሆነ ለመነሳት ጊዜ ይወስድበታል። እንስሳ ድንገት ከገባባችሁ ፍሬን ያዙ እንጂ መሪ አትጠምዝዙ። ብዙው መገልበጥ የሚመጣው በመጠምዘዝ ነው።

ሮድ ትሬን ምንድን ነው? እንዴት ልቅደመው?

ሦስት ወይም አራት ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና ነው። ርዝመቱ እስከ 53.5 ሜትር ይደርሳል። አዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ላይ የነዳ ሰው ከነተሳቢው የሚሄድ መኪና አዲስ አይሆንበትም፣ ይህ ግን ከዚያ በእጥፍ ይረዝማል።

ለመቅደም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጥርት ያለ መንገድ ከፊታችሁ ማየት አለባችሁ። የሾፌሩን ኤስፖኪዮ ካላያችሁት እሱም አያያችሁም። ጎኑ ላይ ስትደርሱ ነፋሱ ይስባችኋል፣ መሪውን በሁለት እጅ ያዙ። ከፊት ሲመጣባችሁ ደግሞ ወደ ግራ ጠጋ በሉ። ፒስታ ላይ አቧራው ውስጥ ገብታችሁ ለመቅደም በፍጹም አትሞክሩ። የማትቸኩሉ ከሆነ ቆማችሁ ቡና ጠጡ፣ እሱም ይርቃል።

በግራ መንዳት ይከብዳል?

ሀይዌዩ ላይ አይከብድም። የሚያሳስተው ከማደያ ስትወጡ ነው፤ ሌላ መኪና የለም፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ እጃችሁ እንደለመደው በቀኝ ይይዛል። አጠገብ የተቀመጠው ሰው ሁልጊዜ «ግራ» ይበል። አደባባይ ላይ ደግሞ ቅድሚያ የምትሰጡት ከቀኝ ለሚመጣው ነው። መንጃ ፈቃዳችሁ በእንግሊዝኛ ካልተጻፈ ሕጋዊ ትርጉም ወይም ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ያዙ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ካለ የልጅ መቀመጫ ግዴታ ነው።

ኩበር ፒዲ መቆም ይጠቅማል?

አንድ ሌሊት ቢያንስ እደሩ። ከሩቅ ስታዩዋት የነጭ አፈር ክምር ብቻ ናት። በ1915 ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ተገኘባትና ከተማ ሆነች። ሙቀቱ ስለማይቻል ሰዉ ኮረብታውን ፈልፍሎ ገባ፤ ዛሬም ብዙው ነዋሪ የሚኖረው ከመሬት በታች ነው። ውጭ 45 ዲግሪ ሲሆን ውስጡ ያለ ማቀዝቀዣ 24 አካባቢ ነው። ዋሻ ውስጥ ያለ ሆቴል ማደር ትችላላችሁ።

ለእኛ ሰው ልዩ የሚሆነው ግን ቤተ ክርስቲያኖቹ ናቸው። የሰርቢያ ኦርቶዶክሶች በ1993 በነቢዩ ኤልያስ ስም የሠሩት ቤተ ክርስቲያን ሙሉ በሙሉ ከአለት የተፈለፈለ ነው። ላሊበላን ያየ ሰው እዚያ ገብቶ ዝም ብሎ መውጣት አይችልም። በእድሜም በአሠራርም አይገናኙም፣ አንዱ ጥንታዊ፣ ሌላው በማሽን የተቆፈረ የትላንት ሥራ ነው። ግን ከትውልድ አገሩ እጅግ የራቀ ማዕድን ቆፋሪ ሕዝብ ገንዘቡንና ጉልበቱን አዋጥቶ በረሃ ውስጥ ለእምነቱ አለት መፈልፈሉ እኔን በጣም ይነካኛል። ስትገቡ ጸጥታውን ጠብቁ፣ መዋጮ ሣጥኑ ላይም የሆነ ነገር ጣሉ።

ኦፓል ልትገዙ ካሰባችሁ እዚያ ምርጫው ብዙ ነው። የወሎ ኦፓል፣ በ2008 ወገልጤና አካባቢ የተገኘው፣ ውሃ ስለሚመጥ ሲነከር መልኩ ይለወጣል። የኩበር ፒዲው እንደዚያ አያደርግም። የከተማዋ ዳር ደግሞ ያልተሸፈነ የማዕድን ጉድጓድ ብቻ ነው። ፎቶ ለማንሳት ወደኋላ አትራመዱ፤ ልጅ ካላችሁ እጁን አትልቀቁ።

ኡሉሩ ላይ መውጣት ይቻላል?

አይቻልም። ከጥቅምት 26 ቀን 2019 ጀምሮ ለዘለዓለም ተዘግቷል። ቀኑ የተመረጠው በምክንያት ነው፤ በ1985 በዚያው ዕለት ነው መሬቱ ለባለቤቶቹ ለአናንጉ ሕዝብ የተመለሰው። አናንጉዎች ቦታው የተቀደሰ ስለሆነ አትውጡበት ብለው ለዓመታት ሲለምኑ ኖረዋል። ሲወጡ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተውበታል። በጫማ ደብር የማይገባ ሕዝብ ይህንን ለመረዳት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

348 ሜትር ከፍታ ያለውን ያንን ቀይ አለት ዙሪያውን በእግር መዞር ግን ይቻላል፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይወስዳል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ከሩቅ ለስላሳ የሚመስለው አለት ቀርበው ሲያዩት ዋሻ፣ ስንጥቅ፣ የውሃ ጉድጓድና የጥንት ሥዕል አለው። በማለዳ ጀምሩና ፀሐይ ሳትጠነክር ጨርሱ። «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» የሚል ምልክት ያለበት ቦታ ካሜራውን አስገቡ። ድሮን አይፈቀድም። ድንጋይም አትውሰዱ፤ ወስደው በኋላ ተጸጽተው በፖስታ የሚመልሱ ሰዎች ብዙ ናቸው።

መግቢያው ለአዋቂ ለሦስት ቀን 38 የአውስትራሊያ ዶላር ነው፣ ልጆች በነጻ ይገባሉ። በዚያው ትኬት ካታ ጁታን ታያላችሁ። ከኡሉሩ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ የክብ አለቶች ስብስብ ነው፣ ብዙ ሰው ሳያየው መመለሱ ያሳዝነኛል። ትንበያው 36 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የነፋሳት ሸለቆ የሚባለው የእግር መንገድ ከረፋዱ ጀምሮ ይዘጋል።

ምግብስ? ጾም ላይ ብሆንስ?

ሮድሃውስ ላይ በርገር፣ ስቴክ፣ የሥጋ ፓይና ድንች ጥብስ ታገኛላችሁ። በጾም ወቅት የሚበላው ድንች ጥብሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስንቅ ያዙ። ሜልበርን ፉትስክሬይ ወይም አደሌድ ካሉ የሐበሻ ሱቆች በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ ገዝታችሁ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ብትጨምሩበት ማታ ካምፕ ላይ ሽሮ ትሠራላችሁ። ድርቆሽ አይበላሽም፣ ቦታም አይዝም። ለዚህ አገር የተሠራ ስንቅ ነው ማለት ይቻላል።

ከኢትዮጵያ በቀጥታ የምትመጡ ከሆነ ቋንጣ አትያዙ፣ አይገባም። ሌላውን ምግብ በሙሉ መግቢያ ካርዱ ላይ አስመዝግቡ፤ አስመዝግቦ መወሰድ ችግር የለውም፣ ደብቆ መገኘት ግን ከባድ ቅጣት አለው። ደቡብ አውስትራሊያ ደግሞ በፍራፍሬ ዝንብ ምክንያት ከሌላ ክፍለ ግዛት ፍራፍሬ ይዞ መግባትን ትከለክላለች፣ ከሜልበርን የምትነዱ ይህንን አስታውሱ።

እባቡስ?

አለ፣ ግን ይሸሻል። ረጅም ሣር ውስጥ በነጠላ ጫማ አትግቡ፣ ያ ይበቃል። ዝንቡ ግን አይሸሽም፤ ባርኔጣ ላይ የሚጠለቅ መረብ ግዙ። የሚያስፈራው ሰሜኑ ነው። እዚያ ወንዝና ኩሬ ውስጥ አዞ አለ። መዋኘት ይፈቀዳል የሚል ምልክት ካላያችሁ እግራችሁን እንኳን አትንከሩ፣ ውሃው የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን። መዋኘት ካማራችሁ ማታራንካ ላይ ለብ ያለ የምንጭ ውሃ አለ፣ ለዋና ክፍት መሆኑን ጠይቃችሁ ግቡ።

ከዳርዊን እንዴት ልመለስ?

ኪራይ መኪናውን ዳርዊን አስረክባችሁ በአውሮፕላን ተመለሱ። ሌላ ከተማ ላይ ለማስረከብ ተጨማሪ ክፍያ አለ፣ አንዳንዴ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ስትይዙ ጠይቁ። ከዳርዊን ወደ አደሌድ የሚነዱ ሰዎች ስላነሱ አልፎ አልፎ አከራዮች መኪና እንዲመለስላቸው በርካሽ ይሰጣሉ፣ ቀኑ ግን የተቆረጠ ነው፣ ለመጎብኘት አይመችም። ባቡርም አለ። ጋን የሚባለው ባቡር ስሙ ከአፍጋን ግመል ነጂዎች የተወሰደ ሲሆን ከ2004 ጀምሮ ዳርዊን ይደርሳል፣ ዋጋው ግን ከአውሮፕላን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በራሳችሁ መኪና ከሄዳችሁና በሌላ መንገድ መመለስ ካሻችሁ፣ ከቴናንት ክሪክ በስተሰሜን ባርክሊ ሀይዌይ ወደ ምሥራቅ ይገነጠላል። እሱም አስፋልት ነው፣ ወደ ኩዊንስላንድ ያስገባችኋል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ጨምሩለት።